ለአሮጌ መኪና ብድር ፍለጋ፦ ከጊቫት ሃሞሬ እስከ ወይዘሮ ማዛል ደጅ

ከቤት ስንነሣ

በነሐሴ መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከአጎቴ ከአያ ደሴ ጋር ከሰፈራችን ከጊቫት ሃሞሬ ቁልቁል ወደ አፉላ መሀል ከተማ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈርን። የወጣነው ዐሥራ ሁለት ሺህ ሼኬል የሚያበድረን ሰው ፍለጋ ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከእኛ በኋላ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ሰው ቢኖር እኛ የሠራነውን ስሕተት እንዳይደግም ነው። ሰዓቱን በእስራኤል አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ሰባት ስል በአገር ቤት አቆጣጠር አንድ ሰዓት ማለቴ ነው።

ምክንያቱን አስቀድሜ ላስረዳ። የመምህርነት ትምህርቴን ዘንድሮ ጨረስሁ። ከአፉላ ወጣ ብሎ በሸለቆው ውስጥ ያሉት የገጠር መንደሮች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ የሦስተኛ ክፍል መምህርት እንድሆን ተቀበሉኝ። ርዕሰ መምህሯ ስለ ውጤቴ ብዙም አልጠየቀችኝም። እየመላለሰች የጠየቀችኝ «ሰባት ተኩል ላይ በሩ ላይ ትገኛለሽ?» እያለች ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመንገድ መገንጠያው የሚደርሰው ለስምንት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከመገንጠያው እስከ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር አለ። ስለዚህ መኪና ያስፈልገኛል።

መኪናም አግኝቻለሁ። ከእኛ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚኖር ሰው አነስተኛ፣ ነጭ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ብቻ የሚያንስ መኪና በዐሥራ ሰባት ሺህ ሼኬል ይሸጣል። ልጆች በማስጠናት ያጠራቀምሁት አምስት ሺህ አለኝ። ሰውየው እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ለሌላ እንደማይሸጠው ቃል ሰጠኝ። ርዕሰ መምህሯም ቁርጡን ዓርብ ማታ ሰንበት ሳይገባ እንድነግራት፣ አለዚያ ሌላ መምህርት እንደምትጠራ ነግራኛለች።

ባንክ ሄጄ ነበር። ባንኩ የሦስት ወር ትሉሽ አምጪ አለኝ። ትሉሽ ማለት አሠሪ በየወሩ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት ነው። ትሉሽ እንዲኖረኝ መሥራት አለብኝ፤ ለመሥራት መኪና፣ ለመኪና ብድር፣ ለብድር ትሉሽ። ነገሩን በወረቀት ላይ በቀስት አድርጌ ሣልሁትና አየሁት፤ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ መግቢያ የለውም።

የቀረው ግማህ ነው። ግማህ በጎ ሰዎች በየሰፈሩ የሚያቋቁሙት፣ ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር ነው። አንዳንዱ የሚያበድረው ገንዘብ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የድግስ ወንበር፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕመምተኛ ክራንች ጭምር ያውሳል።

«ብቻሽን አትሄጂም» አለች እናቴ። «ገንዘብ የሚጠየቀው በትልቅ ሰው ነው። አያ ደሴ አብሮሽ ይሂድ።»

አያ ደሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቀኝ እግራቸውን በትንሹ ያነክሳሉ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ጫማቸውን ወልውለው ከበራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ የመታወቂያዬን ግልባጭ፣ የቅጥር ደብዳቤዬን፣ የመኪናውን ወረቀትና የእናቴን የደመወዝ ወረቀቶች በየተራቸው አሰናድቼ በአንድ አቃፊ ይዣለሁ።

መሀል ከተማ

የመጀመሪያው ግማህ ከአንድ ምኩራብ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ጢሙ የረዘመ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ገና ከደጃፉ ሳልርቅ ጉዳዬን ነገርሁት። አዳመጠኝና ወረቀቶቼን አገላብጦ አመሰገነኝ።

«ሁለት ዋስ» አለ። «ሁለቱም ደመወዝተኛ፣ ሁለቱም ትሉሽ ያላቸው።»

«አንዷ እናቴ ናት። ሁለተኛው አጎቴ ነው፤ ይኸው።»

ሰውየው አያ ደሴን አያቸው። «ይሠራሉ?»

«ጡረተኛ ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ተበዳሪው ባይከፍል ከጡረታ ላይ ገንዘብ እንድወስድ ሕጉ አይፈቅድልኝም። የጡረተኛ ፊርማ ለእኔ ዋስ አይሆንም።» ከዚያ ትንሽ አሰበና የአንድ ሞሻቭ ስም ነገረኝ። ሞሻቭ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱ ቤትና እርሻ ያለው የገበሬዎች መንደር ነው። «እዚያ ወይዘሮ ማዛል የሚባሉ ሴት ግማህ አላቸው። የሚያበድሩት በዚያ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው ነው። አንቺ እዚያ ልትሠሪ ነው። ስልክ አያነሡም፤ ሂጂባቸው።»

ስንወጣ አያ ደሴ «ምን አለ?» አሉኝ።

«ጡረተኛ አልቀበልም አለ።»

«ይሄ ጎረምሳ?»

ሰውየው ስድሳ የደፈነ ይመስለኛል።

«ጥፋቱ ያንቺም ነው» አሉ፤ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ሳትቀመጪ ጠየቅሽው። እንዴት አደርህ ሳይባል ገንዘብ ስጠኝ ይባላል?»

«አያ፣ ቢሮ እኮ ነው።»

«ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። የሚቀጥለው ቤት እኔ ልናገር። አንቺ ማስተርጎም ብቻ።»

እናቴ የላከቻቸው ለዚህ ስለሆነ እሺ አልሁ።

ከአውቶቡስ ጣቢያ እስከ ሞሻቭ

ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው እንደ ወትሮው ቦርሳቸውን መሬት ላይ የጣሉ ወታደሮች፣ የጆሮ ማዳመጫ የሰኩ ተማሪዎችና የጠዋት ሥራቸውን ጨርሰው የሚመለሱ ሠራተኞች ሞልተውበታል። ሁለት ቡሬካስ፣ አይብ ያለበት እንደ ሳምቡሳ ያለ ነገር፣ እና አንድ ውሃ በሃያ ስድስት ሼኬል ገዛሁ። አያ ደሴ ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም ብለው ከቆሎ ሻጩ የተቆላ የሱፍ ፍሬ በሃያ አምስት ሼኬል ገዙ። ልንበደር እየሄድን ስጦታ መግዛታችን ለእኔ ሒሳቡ አልገባኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ወደ ገጠር መንደሮቹ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። ሰው የሞላው ከግማሽ በታች ነው። የአንድ ሰው ዋጋ ስምንት ሼኬል ነው፤ አያ ደሴ በዕድሜያቸው ምክንያት አይከፍሉም። ከከተማው እንደወጣን መሬቱ ተዘረጋ። ስንዴው ታጭዶ ገለባው በትላልቅ ጥቅሎች ሆኖ ማሳው ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጥጡ ገና አረንጓዴ ነው፤ በሩቁ የታቦር ተራራ ክብ ጀርባውን አሳየን። አያ ደሴ መስኮቱን በጣታቸው እየነኩ «ይህን ሁሉ ያረሰው አንድ ትራክተር ነው? በሬ አይቼ አላውቅም እዚህ አገር» አሉ።

አውቶቡሱ እያንዳንዱ መንደር ውስጥ እየገባ ይወጣል። በመኪና ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን ሃምሳ ደቂቃ ሄድንበት። በየፌርማታው ሰዓቴን እያየሁ በየጠዋቱ በዚህ ብመጣ ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለብኝ አሰላሁ። መልሱ ደስ አይልም፤ ቢሆንም መኪናውን ለምን እንደምፈልግ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከእንግዲህ በደንብ ማስረዳት እችላለሁ።

ከሞሻቩ በር ስንወርድ ሹፌሩ በመስተዋቱ አየን። «በዚህ ሰዓት እዚህ ማንም አይወርድም። መመለሻው ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው። ያ ካመለጣችሁ እስከ አምስት ሰዓት ሌላ የለም።»

ወይዘሮ ማዛል ዘንድ

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። ከጥድ ዛፎቹ ጎን የዶሮ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሽታቸው ከሩቅ ይቀበላል። በመጨረሻው ግቢ ውስጥ ራሳቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ እንደ አያ ደሴ ዕድሜ የሚሆኑ ሴት የእንቁላል ማስቀመጫ ሲያጥቡ አገኘናቸው። ወላጆቻቸው ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ በወይን ሐረግ ጥላ ሥር አስቀመጡን፤ የቀዘቀዘ ሐብሐብ፣ ናና ያለበት ሻይና በሰሊጥ የተጋገረ ብስኩት አመጡ። አያ ደሴ የሱፉን ፍሬ በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ማዛል።

እኔ አያ ደሴን አየሁ። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምንም፤ እንዲያው ደኅንነትዎን ልናይ ነው።»

ተረጎምሁ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ የእሳቸውን አንቱታ ሳሻግር ይወድቅብኛል፤ የሴትየዋን ደግሞ ወደ አማርኛ ስመልስ እኔው እጨምርበታለሁ።

«የእኔን ደኅንነት?» አሉ ሴትየዋ። ከዚያን ቀን በፊት አይተውን አያውቁም።

«የእርስዎን» አሉ አያ ደሴ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። ከጎንደር በኩል በመጣነው ሰዎች ዘንድ ትልቅ ነገር ለመጠየቅ የሄደ ሰው የባለቤቱን የመጀመሪያ ጥያቄ አይመልስም። ሰላምታ ነው ይላል። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያሳልፋል። ባለቤቱ «ነገር አላችሁ፤ ተናገሩ እንጂ» ብሎ በሦስተኛው ሲይዘው ሽማግሌው ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ጉዳዩን ያወጣል። በዚህ መሀል ሁለቱ ወገኖች ይተያያሉ፤ ይመዛዘናሉ። እኛ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ወይዘሮ ማዛል ግን እኛ ቤት አላደጉም።

ስለ ዶሮዎቹ ተወራ። አያ ደሴ በአገራቸው ስንት ላም እንደነበራቸው ተናገሩ። ወይዘሮ ማዛል ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት እንደሆነና ግማሁን የጀመሩትም እኚሁ ባላቸው እንደነበሩ ነገሩን። በዚህ ጊዜ «በሩ ተከፍቷል» አልሁ በልቤ። ሴትየዋም ወደ አያ ደሴ ዞር ብለው «እንግዲህ ምን ልርዳችሁ?» አሉ።

«የእግዜር ሰላምታ ይበቃናል» አሉ አያ ደሴ።

ተረጎምሁ። ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ማረም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ጠበቅሁ።

ሦስተኛው አልመጣም። ወይዘሮ ማዛል አያ ደሴን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ ዓይናቸው ከቀኝ እግራቸው ላይ አረፈ። «ገባኝ» አሉ ቀስ ብለው። ተነሥተው ወደ መጋዘናቸው ገቡና ጎማ ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ የአረጋውያን መደገፊያ እየገፉ መጡ። ከአያ ደሴ ፊት አቆሙት።

«ብዙ ሰው ያፍራል። አባቴም ያፍሩ ነበር። እስከፈለጉት ጊዜ ይቆይ።»

«ምን አለች?» አሉኝ አያ ደሴ።

«እንዳያፍሩ ትላለች።»

«ከምኑ?»

«ከእግርዎ።»

አያ ደሴ መደገፊያውን አዩት፤ ሴትየዋን አዩ። የሰው ቸርነት በፊታቸው ቆሟል፤ እምቢ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ተነሡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ። ማስያዣው መቶ ሼኬል ነው ሲባሉ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ከፈሉ። ፈረሙ። ወይዘሮ ማዛል ጉንጫችንን ስመው፣ ብስኩት በከረጢት አስይዘው እስከ አጥር በሩ ሸኙን።

ፌርማታው

ለዐሥራ ሁለት ሺህ ሼኬል ሄደን መደገፊያ ይዘን ወጣን። ጎማው አስፋልቱ ላይ እየጮኸ እስከ ፌርማታው ደረስን። አውቶቡሱ ሊመጣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«አያ ደሴ፣ ገንዘቡስ?»

«ሦስተኛ አልጠየቀችማ።»

«እሷ ሦስት መጠየቅ እንዳለባት አታውቅም።»

«እንግዲህ እንዴት ላርገው? እየለመንሁ ልጮኽባት?»

«ተመልሰን እንንገራት።»

«አሁን?» አያ ደሴ ከልባቸው ደነገጡ። «አንዱን ተቀብለን ወጥተን፣ ብስኩቷን ይዘን፣ ተመልሰን ሌላ ጨምሪ እንበላት? ሰው ምን ይለናል?»

«ማን ነው የሚለን? እዚህ ያለነው እኛና ዶሮዎቹ ነን።»

«አታሹፊ።»

አላሾፍሁም። አቃፊዬን ከጉልበቴ ላይ አድርጌ አሰብሁ። ነገ ቀትር መኪናው ለሌላ ይሸጣል። ነገ ማታ ክፍሉ ለሌላ መምህርት ይሰጣል። እኔ ደግሞ እንደገና ልጆች በሰዓት ማስጠናት ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ቅጥር እስኪወጣ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንዲት ደግ ሴት ከሁለት ይልቅ ሦስት ጊዜ ስላልጠየቁን ነው። ተነሣሁ።

«እኔ ልመለስ ነው። እርስዎ ከጥላው ይቀመጡ።»

«ብቻሽንማ አትገቢም። እናትሽ ምን ትለኛለች?» አሉና እያጉረመረሙ መደገፊያውን ገፉ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ክብደታቸውን ጣል አደረጉበት፤ አይቼ እንዳላየ ሆንሁ።

ገና ግማሽ ሳንሄድ አውቶቡሱ ከፊታችን መጣ። ያው ሹፌር ነው። አቁሞ በሩን ከፈተ፤ መደገፊያውን ሲያይ ቅንድቡ ተነሣ። «አትሳፈሩም? እስከ አምስት ሌላ የለም።»

«አንሳፈርም» አልሁት።

ሁለተኛው መግቢያ

አጥር በሩ ላይ ቆሜ፣ ሐብሐብም ወንበርም ሳይቀርብልኝ ተናገርሁ። «ወይዘሮ ማዛል፣ የመጣነው ዐሥራ ሁለት ሺህ ሼኬል ለመበደር ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ መኪና መግዣ ጎድሎኝ ነው። የአጎቴ እግር ደኅና ነው።»

ሴትየዋ እኔን አዩ፤ አያ ደሴን አዩ፤ መደገፊያውን አዩ። ከዚያ ከደረጃው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

«ለምን አልተናገራችሁም? ሁለት ጊዜ ጠየቅኋችሁ።»

«እኛ ዘንድ የሚነገረው በሦስተኛው ነው።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሳይጠየቅ ከመንገድ ጀምሮ ይጮኻል። ግቡ፣ ግቡ።»

መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። መኪናውን መካኒክ አይቶታል? አይቶታል፤ ወረቀቱ ይኸው። መድኑን ከምን ትከፍያለሽ? በየወሩ፣ ከእናቴ ጋር። ደመወዝሽ ስንት ነው? ነገርኋቸው። በየወሩ ስንት ትመልሻለሽ? አንድ ሺህ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ከገባ በኋላ ጀምሮ፣ ለዐሥራ ሁለት ወር። አቃፊዬን አንድ በአንድ አዩ፤ ደስ እንዳላቸው ከከንፈራቸው አወቅሁ።

«ዋስ?»

«አንዷ እናቴ። በጽዳት ሥራ ዐሥር ዓመት አልፏታል።»

«ጥሩ። ሁለተኛ?»

አያ ደሴን አሳየሁ። «ጡረተኛ ነው» አልሁ፤ መደበቅ አልፈለግሁም።

ወይዘሮ ማዛል መነጽራቸውን አወለቁ። «ነፍሴ፣ ከጡረታ ላይ ምንም መውሰድ አልችልም። ባትከፍዪ እሳቸውን ምን አደርጋቸዋለሁ?»

ለአያ ደሴ ተረጎምሁላቸው። እንደገና በዚያው ቃል ሲመለሱ ይቀየማሉ ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ዋስ ምን እንደሆነ ንገሪያት» አሉ። «በእኛ አገር ዋስ ወረቀት የለውም። ተበዳሪው ካልከፈለ ዋሱ ሄዶ ከተበዳሪው ደጅ ይቀመጣል። አይበላም፤ አይጠጣም። መንገደኛው ሁሉ እያየው ያልፋል። ይቺ ልጅ የምትኖረው እኅቴ ቤት ነው። አንድ ወር ብታጓድል ከእኅቴ ደጅ እቀመጣለሁ።»

ሴትየዋ ትርጉሙን በጥሞና ሰሙ። «ስንት ቀን?»

«እስኪከፈል።»

«እናትሽስ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እስኪከፈል ታስቀምጣቸዋለች?»

«ወይዘሮ ማዛል» አልሁ፤ «ወንድሟ ደጇ ላይ ጦሙን ከሚቀመጥ እናቴ ማቀዝቀዣዋን ትሸጣለች። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ከእኛው ወገን ናቸው። አንድ ጠዋት እንኳ አታስቀምጠውም።»

ወይዘሮ ማዛል መነጽራቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። አንዴ ወደ መንገዱ አዩ።

«የዚህን ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ዓመት ሁለት መምህራን ትተዋቸው ሄደዋል» አሉ። «ሁለቱም ስለ መንገዱ። አንቺ አውቶቡሱን አሳልፈሽ በእግርሽ ተመለስሽ። እሺ። እናትሽ ዛሬ በፊቴ ትፈርም፤ ነገ ዓርብ ነው፣ እኔ ዓርብ ከወጥ ቤት አልወጣም። እሳቸውም ይፈርሙ። በኋላ ከደጁ ሲቀመጡ ማየት ከፈለግሁ አድራሻውን ጻፊልኝ።»

አያ ደሴ የመጨረሻውን ስተረጉምላቸው ፈገግ አላሉም። «ጻፊላት» አሉ።

ከመነሣታችን በፊት ወይዘሮ ማዛል መቶውን ሼኬል መለሱና መደገፊያውን ወደ መጋዘን ገፉት። «እርግጠኛ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አያ ደሴ ሳልተረጉምላቸው ገብቷቸው ራሳቸውን በኀይል ነቀነቁ።

ወደ አፉላ

ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ ማዛል ለሰንበት ሊገዛዙ አፉላ ይወርዳሉና በጭነት መኪናቸው ይዘውን ሄዱ። ኋላው እንቁላል ተጭኗል፤ አልበቃ ብሎ አንድ ማስቀመጫ የአያ ደሴ ጉልበት ላይ ሆነ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሠላሳ እንቁላል ታቅፈው፣ በየጉብታው እስትንፋሳቸውን ያዙ። ጠዋት ሃምሳ ደቂቃ የፈጀው መንገድ በዐሥራ አራት ደቂቃ አለቀ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው «ገባሽ? አውቶቡሱ የሚያስተምረው መንደሮቹን ነው፤ መንገዱን አይደለም» አሉ።

እናቴ ከሥራ የምትመለሰው በማዕከላዊ ጣቢያው በኩል ነው። ስትወርድ እኔን፣ እንቁላል የታቀፉትን ወንድሟንና አንዲት የማታውቃትን ሴት አንድ ላይ ቆመን አገኘችን። በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት። ስለ ደጁ ስደርስ ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች።

«በሬ ላይ? ሳትበላ? አንተ?»

«ለወጉ ነው የተናገርሁት» አሉ አያ ደሴ።

«ቁርስ አምስት ደቂቃ ሲዘገይብህ ስልክ የምትደውለው ሰውዬ? ደግሞ በየትኛው ትዕግሥትህ ነው የምትቀመጠው?»

«ሸንኮራ ይዤ እቀመጣለሁ።»

«ሸንኮራም መብላት ነው።»

ወይዘሮ ማዛል «ምን ትላለች?» አሉኝ። «አጎቴ ረኀብ አይችልም ትላለች» አልሁ። «እንግዲያው ዋሱ ይብስ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ትከፍላላችሁ» አሉ። ሲነገራት እናቴም ሣቀች። ከሁለት ወታደሮች ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ስሟን በዕብራይስጥ በቀስታ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ብዕሩን ስትመልስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «አንድ ወር አይጎድልም» አለች፤ ለሴትየዋ ሳይሆን ለእኔ።

ቼኩን ተቀበልሁ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ስሜ በትክክል ተጽፏል።

ቤት

ጊቫት ሃሞሬ ስንደርስ ፀሐይዋ ከሸለቆው ማዶ ዝቅ ብላለች። መጀመሪያ ለመኪናው ባለቤት ደወልሁ፤ ነገ ጠዋት ባንክ ሄደን እንድንጨርስ ተስማማን።

ከጉዞው የተማርሁትን ልጻፍ። የገጠር ግማህ ከከተማው ይልቅ ሰውየውን ያያል፤ ወረቀት አይፈልግም ማለት ግን አይደለም፤ ሁሉንም አሰናድታችሁ ሂዱ። ጉዳያችሁን በመጀመሪያው ጥያቄ ተናገሩ፤ ሁለተኛውን አትጠብቁ። አያ ደሴ በዚህ አይስማሙም። «ተቀምጠን ባንጫወት ኖሮ አትሰማንም ነበር» ይላሉ፤ ይህንንም ማስተባበል አልቻልሁም።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማስበው የማስተምራቸውን ልጆች ወላጆች ነው። ከእኛ ወገን አንዲት እናት የክፍሌ በር ላይ ቆማ «ምንም፤ እንዲያው ነው» ብትለኝ ወደ ቤቷ አላሰናብታትም። ወንበር ሰጥቼ ሦስተኛውን እጠይቃታለሁ።

ከዚያ ለርዕሰ መምህሯ ደወልሁ። «እመጣለሁ፤ በራሴ መኪና» አልኋት።

«እንኳን ደስ አለሽ። ሌላ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

ምንም የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አዎ፣ አለ» አልሁ። «መኪናው አሮጌ ነው፤ ማቀዝቀዣው አይሠራም። ጥላ ያለው ማቆሚያ እፈልጋለሁ።»

ርዕሰ መምህሯ ሣቀች። «ጥላ ያለው አንድ ብቻ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል።»

«እንግዲያው የእኔ ነው» አልኋት።